ዛሬስ ስንት ለስንት ተሸነፋችሁ?

የተማርኩበት ዩኒቨርሲቲ የፉትቦል ቡድን ይሸነፋል። ኳሱን በእጅ ይዘው የሚሮጡበትን የአሜሪካኖቹን ፉትቦል ማለቴ ነው። ኢንጂነሪንግ በተማርኩባቸው ዓመታት ካሸነፈው የተሸነፈው በብዙ ይበልጣል፤ ከተመረቅኩ በኋላም አልተሻለውም። እናቴ የጨዋታውን ሕግ አታውቅም፤ ግን ቅዳሜ ማታ ስትደውል "አሸነፋችሁ?" ብላ አትጠይቅም። "ዛሬስ ስንት ለስንት ተሸነፋችሁ?" ነው የምትለኝ።

የሥራ ባልደረቦቼ ቡድን ቀይር ይሉኛል። ያኔ ስለ ፕሬይሪ ቪው እነግራቸዋለሁ። ቴክሳስ ውስጥ ያለ፣ በታሪክ የጥቁሮች የሆነ ዩኒቨርሲቲ ነው። ቡድኑ ከ1989 እስከ 1998 እ.ኤ.አ. በተከታታይ 80 ጨዋታ ተሸንፏል። ሰማንያ! አንድ ተማሪ ገብቶ፣ ተምሮ፣ ተመርቆ ሲወጣ አንድም ድል ሳያይ ማለት ነው። በ1998 መስከረም ላይ ላንግስተንን 14 ለ 12 አሸነፉና ጉዱ አበቃ። ኖርዝዌስተርንም 34 ተከታታይ ሽንፈት ቆጥሮ በ1982 ሲያሸንፍ፣ ተማሪዎቹ የጎሉን ብረት ነቅለው ሚሺጋን ሐይቅ ውስጥ ጣሉት።

ሰው እንዲህ ያለውን ታሪክ የሚወደው መጨረሻው ስለሚያምር ነው። እኔን ግን የሚገርመኝ 81ኛው ጨዋታ አይደለም፤ 47ኛው ነው። 46 ጊዜ ተሸንፎ፣ 34 ገና እንደሚቀረው ሳያውቅ፣ ቅዳሜ ተነስቶ ስታዲየም የሄደው ሰው ምን ፈልጎ ነው?

መልሱን በከፊል ያገኘሁት ባለፈው ዓመት ነው። የምሠራበት ድርጅት በአንድ ኢሜይል ቡድናችንን በተነው። ሶፍትዌር ሥራ ላይ ሁሉ ነገር ይለካል፤ ስንት ኮድ ጻፍክ፣ ስንት ስህተት አረምክ፣ በስንት ቀን ጨረስክ። እነዚያ ቁጥሮቼ ደህና ነበሩ፤ አላዳኑኝም። በዚያ ሳምንት ቤቴ ድረስ የመጡት፣ የሥራ ማመልከቻዬን ያረሙልኝ፣ ለሚያውቁት ሰው ሁሉ የደወሉልኝ ከጎኔ ተቀምጠው በብርድ የተሸነፉት ልጆች ናቸው። አብረን ያከበርነው ድል የለንም ማለት ይቻላል። ሦስተኛው ሩብ ላይ 30 ነጥብ ተመርተን ማን እንደሚቀር ግን እንተዋወቃለን።

ተጫዋቾቹ ራሳቸው አሁን አይቆዩም። ከ2021 ወዲህ ዓመት ሳይቀጡ ዩኒቨርሲቲ መቀየር ስለሚችሉ ጎበዝ የሆነው ልጅ ወደ ትልቅ ቡድን ይሄዳል። አልፈርድበትም፤ እኔም የተሻለ ደመወዝ ሳገኝ ሥራ ቀይሬ አውቃለሁ። እሱ የሚኖርበት ሕይወት ነው። እኔ ደግሞ ምንም ስለማይከፍለኝ ብቻ የማልለቀው አንድ ነገር እንዲኖረኝ እፈልጋለሁ።

ትኬቴን ገዝቻለሁ። ወቅቱ የሚጀምረው እንቁጣጣሽ አካባቢ ነው፤ ያኔ ሁሉም ዜሮ ለዜሮ ነው።