ዓሣ አጥማጅና ጀርባው

ዓሣ አጥማጅ መሆኔ በወጣቶች ኅብረታችን ውስጥ ከታወቀ ወዲህ ሁለት ጥያቄዎች አይቀሩልኝም። አንደኛው «አጣዬ ደግሞ የምን ዓሣ አለ?» የሚለው ነው። ሁለተኛውን የሚጠይቁኝ ግን የምራቸውን ወንዝ መውረድ የጀመሩት ብቻ ናቸው፤ «ዕቃውን በምን ትይዘዋለህ?» ይላሉ። እነዚህኞቹን እወዳቸዋለሁ። መንጠቆ ከሱቅ ይገዛል፣ ትል እርጥብ መሬት ሲቆፈር ይገኛል፤ ሰውን ከወንዝ የሚያስቀረው መንገዱ ነው።

የመጀመሪያውን በአጭሩ ልመልስ። አጣዬ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አስፋልት 270 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ከተማ ናት። በስተ ምዕራብ የመንዝ ደጋ እንደ ግድግዳ ቆሟል፤ በስተ ምሥራቅ ቆላው ወደ አፋር ይወርዳል። ከደጋው የሚነሱት ጀውሃም፣ አጣዬ ወንዝም፣ ከወዲያ የሚመጣው ቦርከናም መጨረሻቸው አዋሽ ነው። በአዋሽ ተፋሰስ ደግሞ አምባዛ አለ፣ ቆሮሶ አለ፣ ቢልጫም አለ። በበጋ ውሃው ሲሳሳ ዓሣው ጥልቀት ባለበት በየኩሬው ይሰበሰባል። ያን ጊዜ ነው ታዲያ ረጅም መንገድ በእግር መሄድ የሚያዋጣው።

አሁን ወደ ሸክሙ እንምጣ። አንድ ቀን ዕቃዬን በሙሉ ወስጄ እህል ነጋዴ ጎረቤታችን ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት። ደረቁ መረብ 3 ኪሎ፣ የምጠጣው ውሃ 3 ሊትር ማለት 3 ኪሎ፣ ቢላዋው፣ የመንጠቆው ሣጥን፣ ገመዱና ምሳው አንድ ላይ 2 ኪሎ። ድምሩ 8 ኪሎ ነው። ይህ ግን ስንወርድ ነው። ስንመለስ ውሃው ተጠጥቷል፣ ምሳው ተበልቷል፤ መረቡ ግን ረጥቦ እጥፍ ሆኗል። ጌታ ረድቶን 10 ኪሎ ዓሣ ከተገኘ ሸክሙ ወደ 17 ኪሎ ተኩል ይጠጋል፤ ያውም በቀትር፣ ያውም ሽቅብ። ለተማሪ ቦርሳ ብዙ ጊዜ የሚመከረው ከሰውነት ክብደት ከአሥር እስከ አሥራ አምስት በመቶ እንዳያልፍ ነው። 60 ኪሎ ለሚመዝን ወጣት ይህ ከ6 እስከ 9 ኪሎ መሆኑ ነው። እንግዲህ ቦርሳ ስትመርጡ የምትመርጡት ለመሄጃው ሳይሆን ለመመለሻው ነው። ጠዋት ቤት ውስጥ ቀሎ የተገኘ ቦርሳ ስለ ቀትሩ ምንም አይናገርም።

በአገራችን የሸክም ነገር ድሮም ቀላል አልነበረም፤ ቋንቋችን ራሱ ይመሰክራል። አማርኛ ለሸክም አንድ ግስ አልበቃውም። ልጅ ይታዘላል፣ ጠመንጃ ይነገታል፣ ጆንያ በትከሻ ይጫናል፣ ፌስታል ይንጠለጠላል። ከእነዚህ ሁሉ ለረጅም መንገድ የሚሆነው ማዘል ነው፤ ይህን ደግሞ እናቶቻችን ከማናችንም በፊት ያውቁታል። አንቀልባን አስቡት። ልጁ ከእናቱ ጀርባ ጋር ተጣብቋል፤ በመካከላቸው ክፍተት የለም። ወደ መቀመጫዋ አልተንጠለጠለም፣ ከፍ ብሎ ተቀምጧል። ጠፍሩ ሰፊ ነው፤ ሁለት እጇ ነፃ ነው። ወንዝ ዳር ከምታገኙት ቦርሳ ሁሉ ይህን ሕግ ጠብቃችሁ ጠይቁ፦ ከጀርባ ይጣበቃል ወይ? ከባዱ ነገር ከፍ ብሎ ይቀመጣል ወይ? ማንገቻው ሰፊ ነው ወይ? አሜሪካ ውስጥ ዲክ ኬልቲ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1952 የአሉሚኒየም አጥንት ያለው፣ ሸክሙን በቀበቶ ከትከሻ ወደ ዳሌ የሚያወርድ ቦርሳ መሸጥ ጀምሮ በተራራ ወጪዎች ዘንድ ስሙ ገነነ። መልካም ሥራ ነው፤ እኔም የዳሌ ቀበቶ ያለውን ነው የማዝለው። ሆኖም እንስራ ተሸክማ ከምንጭ የምትወጣ የይፋት ሴት ክብደቱን ታችኛው ወገቧ ላይ አሳርፋ ገመዱን በደረቷ ስታሻግር ያየ ሰው ነገሩ ያን ያህል አይገርመውም።

ሳይንሱም ቢሆን ወደ ሴቶቹ መጥቷል። እ.ኤ.አ. በ1986 ኔቸር በተባለው መጽሔት በወጣ ጥናት የኬንያ የሉዎና የኪኩዩ ሴቶች ከክብደታቸው 20 በመቶ የሚሆን ሸክም ተሸክመው ሲራመዱ ባዶ እጃቸውን ከሚራመዱበት ጊዜ የበለጠ ጉልበት እንደማያወጡ ታይቷል። ምሥጢሩ በአካሄዳቸውና በልማዳቸው ነው፤ እኔና እናንተ ግን በአንድ ሳምንት አንማረውም። ስለዚህ ቦርሳ እንምረጥ።

ብዙዎቻችን የምንጀምረው በማዳበሪያ ነው። በሁለት ጫፉ ገመድ ታስሮ የሚታዘለውን ማለቴ ነው። ርካሽ ነው፣ ይታጠባል፣ ቢቀደድ አያስቆጭም። ገመዱ ግን ትከሻን ይቆርጣል። ይህ የሕመም ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ወደ ክንድ የሚወርዱት ነርቮች በአንገትና በትከሻ መካከል ያልፋሉ፤ ቀጭን ገመድ ለረጅም ሰዓት ሲጫናቸው እጅ ይደነዝዛል። በደነዘዘ ጣት መንጠቆ ለማሰር ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? ሌላው ችግር አምባዛው ነው። አምባዛ ከውሃ ወጥቶም አየር መተንፈስ ስለሚችል ቶሎ አይሞትም፤ ክንፉ ሥር ያለው እሾህ ደግሞ ማዳበሪያውን በስቶ ጀርባችሁን ያገኘዋል። አንድ ሰዓት ሙሉ ጀርባ ላይ የሚንፈራገጥ ነገር አዝሎ መዝሙር መለማመድ አይቻልም፤ እኛ የመዘምራን ቡድን አባላት ሞክረነዋል።

የትምህርት ቤት ቦርሳ ሁለተኛው ምርጫ ነው። ለመንጠቆና ለምሳ ይበቃል፤ ለእርጥብ መረብ ግን ስፌቱ አይችልም፤ መጀመሪያ የሚለቀው ማንገቻው ከላይ የተሰፋበት ቦታ ነው። ከላይ የተቆረጠ ጀሪካን ማንገቻ አስገጥመው የሚያዝሉም አሉ። እሾህ አይበሳውም፣ ውሃ አያፈስም፤ ጀርባን ግን እንደ ድስት ክዳን በላብ ያጠምቃል። ስፖንጅ ከተለጠፈበትና ማንገቻው ከአሮጌ የመኪና ቀበቶ ከተሠራ ግን አልንቀውም፤ ሠፈራችን ያለው ጫማ ሰፊ አሳምሮ ይሠራዋል።

የእኔን ያገኘሁት ሰንበቴ ገበያ ነው። ሰንበቴን የማታውቁ ካላችሁ፣ አፋሩም ኦሮሞውም አርጎባውም አማራውም የሚገናኝበት የእሁድ ገበያ ነው። እሁድ መሆኑ ለእኛ ለአማኞቹ ፈተና ነው፤ ከአምልኮ በኋላ ሮጠን ስንደርስ ጥሩ ጥሩው ተነሥቷል። ከሰልባጁ ክምር ውስጥ አንድ አረንጓዴ ቦርሳ አንሥቼ ሳገላብጥ ሻጩ ሽማግሌ ዝም ብለው አዩኝና፣

«ልጄ፣ ቦርሳ በዓይን አይገዛም። እዘለው» አሉኝ።

«ባዶውን አባባ?»

«ባዶውንማ ማን አያዝለውም!» ብለው አጠገባቸው ከነበረው ድንጋይ ሁለቱን በጨርቅ ጠቅልለው ከተቱልኝ። «እስከ ግመሎቹ ሂድና ተመለስ።»

ሄድኩ። አንድ አፋር ግመሉን እየጫነ ነበር። ጨው ይሁን እህል አላየሁም፤ ያየሁት ግራና ቀኙን እያመዛዘነ ሲያስር ነው። ግመሉ ጥቂት እንደተራመደ አስቆመውና ገመዱን እንደገና አጠበቀው። ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔም ከቤት ወጥቼ ጥቂት እንደሄድኩ ቆሜ ቀበቶዬን አጠብቃለሁ፤ ሸክም ሲራመዱበት ይረጋጋል፣ ሲረጋጋ ማሰሪያው ይላላል።

እናንተም ስትገዙ እንዲሁ አድርጉ። ቁመታችሁ ሳይሆን የጀርባችሁ ርዝመት ነው የሚፈለገው። አንገታችሁን ስትደፉ ከኋላ ጎልቶ ከሚዳሰሰው አጥንት እስከ ዳሌ አጥንት አናት ያለውን በክር ለኩ፤ ቀበቶው ዳሌ ላይ ሲያርፍ ማንገቻው ትከሻን ሳይለቅ መቀመጥ አለበት። ረጅም ሰው አጭር ጀርባ ሊኖረው ይችላል፤ ከጓደኛ መዋስ የማያዋጣውም ለዚህ ነው። ዳዊትን አስታውሱ። የንጉሡን ጥሩር አልብሰውት መራመድ ሲያቅተው አወለቀው፤ ይዞ የወረደው የለመደውን የእረኛ ኮሮጆ ነው። ስብከቱን ስንሰማ ስለ አምስቱ ድንጋይ ብዙ ይነገረናል፤ ስለ ኮሮጆው ግን የሚያነሣ የለም። እኔ ወደ ኮሮጆው አደላለሁ፤ ጥሩሩ መጥፎ ስለነበረ አይደለም፣ የሌላ ሰው ልክ ስለነበረ ነው።

ዓሣውን ቦርሳው ውስጥ እንዳለ አትጨምሩት። ሆዱን ወንዙ ዳር አውጥታችሁ በረጠበ ጆንያ ጠቅልሉት፤ ጆንያው ሲደርቅ ውሃው ሙቀቱን ይዞ ስለሚተን ዓሣው ይቀዘቅዛል። ፕላስቲክ ይህን አያደርግም፤ በቆላ ሙቀት ዓሣ በፌስታል ታፍኖ ከተማ ሲደርስ ለድመትም አይሆን። በሁዳዴ ወቅት ዓሣ ፈላጊው ሲበዛ የሚያዋርደን ይኸው ነው። የሚኒባስ ረዳትም ሽታውን ካወቀ «ቦታ የለም» ይላችኋል፣ ሦስት ወንበር ባዶ እያለ።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እነግራችኋለሁ። ወንዝ ስትሻገሩ የዳሌውንም የደረቱንም ማሰሪያ ፍቱ። ክረምት ላይ እኛ ቆላ ፀሐይ እየሞቅን ጣርማ በርና መንዝ ላይ ሊዘንብ ይችላል፤ ደራሹ ድምፁን ሳታስቡት ይደርሳል። የታሰረ ቦርሳ ውሃ ሞልቶ ሰውን ወደ ታች ይጎትታል፤ የተፈታው ግን ከትከሻ ይወርዳል። መረብ ይገዛል። ዘለበቱ በአንድ እጅ፣ በእርጥብ ጣት የማይከፈት ከሆነ፣ በነፃ ቢሰጧችሁም አትቀበሉ።

ስለ ምቾት ይህን ያህል ካልኩ፣ በማንም ቦርሳ ላይ ተጽፎ የማታገኙትን አንዱን ልጨምር። በ2013 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ በአጣዬ ላይ የደረሰውን ታውቃላችሁ። ከተማው ሲቃጠል ሰው የያዘው ጀርባው የቻለለትን ነው። ልጅ በአንቀልባ፣ ፍራሽ በትከሻ፣ የጋብቻ ፎቶና የመታወቂያ ወረቀት በፌስታል። እኛም ደብረ ብርሃን በሰው ቤት ከረምን። ተመልሰን ኑሮ ከጀመርን በኋላ፣ ሌሊት ለመነሣት እንዲመቸኝ ብዬ ቦርሳዬን ማታውኑ አሳስሬ በር አጠገብ አስቀመጥኩ። እናቴ ለውዱእ የተነሡትን ጎረቤቶቻችንን ድምፅ ሰምታ ከእንቅልፏ ስትነቃ አየችው። ሳትጮህ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች።

«የት ልንሄድ ነው?» አለችኝ።

«ዓሣ ነው እማዬ። ወንዝ ልወርድ ነው።»

«እንግዲያስ እንደዚህ ታስሮ በር ላይ የቆመ ቦርሳ አታሳየኝ።»

ስለዚህ የአንድ ቦርሳ ምቾት በተሸካሚው ጀርባ ብቻ አይለካም፤ ቤት ውስጥ የሚያየው ሰውም አለ። አሁን ዕቃዬን የማስገባው ጎህ ሲቀድ፣ ግቢ ውስጥ፣ በስልክ መብራት ነው። ከወንዝ ስመለስ ቦርሳውን አጥቤ ኪሶቹን ሁሉ ገልብጬ፣ አፉን ወደ ታች አድርጌ ሚስማር ላይ እሰቅለዋለሁ። ይደርቃል፤ ባዶ መሆኑም ከሩቅ ይታያል። ቀለሙንም ሆን ብዬ አረንጓዴውን ያስቀረሁት፣ የስደት ዕቃ ሁሉ እሷ ዘንድ ጥቁር ስለሆነ ነው።

ዘንድሮ የ14 ዓመቱ ወንድሜ መከተል ጀምሯል። ለእሱ ትንሽ ቦርሳ ከሸራ አሰፋን፤ ስፖንጁን ማንገቻው ውስጥ የሰፋችው እናታችን ናት፤ ከላይም እኛን ሁላችንን ያዘለችበትን የአንቀልባ ጠፍር ደረበችበት። ከ5 ኪሎ በላይ እንዳያዝል ወስናለች። ሚዛንም አያስፈልጋትም፤ ከወንዝ ስንመለስ ቦርሳውን በአንድ እጇ አንሥታ ትመዝነዋለች፤ ከከበዳት ወሬዋ ከእሱ ጋር አይደለም፣ ከእኔ ጋር ነው።