መደርደሪያ ላይ የቆየ ሞለኪውል

ኬሚስትሪ ያጠናሁት ወድጄ አይደለም፤ ምደባ ነው የጣለኝ። ግን የ2021ዱን (እ.ኤ.አ.) የኬሚስትሪ ኖቤል ስሰማ ቀናሁ። ቤንጃሚን ሊስትና ዴቪድ ማክሚላን የተሸለሙበት ሐሳብ ቀላልነቱ ያናድዳል።

ብዙ ሞለኪውሎች እንደ ቀኝና ግራ እጅ ናቸው፤ ይመሳሰላሉ እንጂ አንዱ በሌላው ላይ ልክ አይገጥምም። አንዱ መድኃኒት ሲሆን ሌላው ሊጎዳ ይችላል። የሚፈለገውን እጅ ብቻ ለመሥራት ኬሚስቶች ብረት ወይም ኢንዛይም ይጠቀሙ ነበር። ብረቱ ብዙ ጊዜ ውድ ነው፤ አንዳንዱ መርዛማ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ አየርና እርጥበት አይችልም። (እርጥበት የማይገባበት ላብ ካያችሁ ንገሩኝ!)

ሊስት ካሊፎርኒያ ውስጥ ፕሮሊንን ሞከረ። ፕሮሊን ሰውነታችን ውስጥ ያለ ተራና ርካሽ አሚኖ አሲድ ነው። ሠራለት። የሚገርመው ፕሮሊን በ1970ዎቹ መጀመሪያም ለዚህ ዓይነት ሥራ ውሎ ነበር፤ ገፍቶ «ለምን ሠራ?» ያለ ግን ብዙም አልነበረም። ማክሚላን በበኩሉ በርክሌይ ሆኖ ብረቱን ትቶ ትንንሽ ኦርጋኒክ ሞለኪውሎች ሠራ፤ ዘዴውንም ኦርጋኖካታሊሲስ አለው። ሁለቱም ያሳተሙት በ2000 ነው።

ልዩነቱን ለማየት ስትሪክኒንን ውሰዱ። በ1950ዎቹ ሲሠራ 29 ደረጃ ፈጀ፤ ከመነሻው ዕቃ ስትሪክኒን የሆነው 0.0009 በመቶው ብቻ ነበር። በ2011 በ12 ደረጃ አለቀ።

«ንጹሕ» ሲባል ግን ቆሻሻ የለውም ማለት አይደለም፤ ሶልቨንቱ አሁንም አለ። እኔ በተማርኩበት ላብ ትርፉ የሚደፋው ሲንክ ውስጥ ነበር። ሲንኩ ወዴት እንደሚሄድ የነገረን የለም።