ውሻው ስላልጮኸ ሌባ ተባልኩ!

ሌባ ተብላችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ተብያለሁ። ያውም የሰው ቤት ስጠብቅ፣ የሰው ውሻ ሳበላ!

ነገሩ የሆነው እዚሁ ጥያ ነው። ጎረቤታችን እትዬ (ስማቸው ይቆየን) ለዘመድ ሠርግ አዲስ አበባ ሲሄዱ «ቤቱንም ውሻውንም አደራ!» ብለው ቁልፉን ሰጡኝ። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ነውና 12 ሌሊት እዚያው አደርኩ። ውሻውን ያበላሁት ከራሴ ራት ላይ እየቀነስኩ ነው።

እትዬ ሲመለሱ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «የወርቅ ሀብሌ የለም!» ሰፈርተኛው ግር ብሎ መጣ። በሩ አልተሰበረም፤ ውሻውም ሲጮኽ የሰማ የለም። አንዱ «ውሻ ለሚያበላው ሰው አይጮኽም» አለ። በቃ፣ ማብላቴ ማስረጃ ሆነብኝ! «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አይጠፋም ስንጥር» ያለችም ነበረች። እናቴ አምስት ቀን ሙሉ ከደጅ አልወጣችም።

በአምስተኛው ቀን ሀብሉ ተገኘ። የት? ከቡላ ዱቄት ጣሳ ውስጥ! እትዬ ራሳቸው ከሌባ ደብቀውት፣ በሠርጉ ሩጫ ረስተውት ኖሯል። አልቅሰው እግሬ ላይ ሊወድቁ ሲሉ «ኧረ በማርያም፣ እትዬ!» ብዬ አነሳኋቸው። ግን እናንተዬ፣ የተወነጀልኩት በአደባባይ፣ ይቅርታ የተጠየቅኩት በጓዳ ነው። ከዚያ በኋላ ሱቅ በገባሁ ቁጥር ባለሱቁ መሳቢያውን የሚዘጋብኝ ይመስለኝ ነበር።

በመስቀል ሰሞን ስንቱ የአዲስ አበባ ጉራጌ ቤቱን ለሰው ትቶ ወደ አገሩ ይገባል! ቤት ጠብቁ የምትባሉ ወጣቶች ከእኔ ተማሩ።

ቁልፍ ለብቻችሁ አትቀበሉ፤ ሁለቱም ወገን የሚያምነው ጎረቤት ይቁም። ወርቅና ገንዘብ ባለቤቱ ይዞት ይሂድ፤ ካልሆነ ክፍሉ ይቆለፍና ቁልፉ ከእሱ ጋር ይሁን። ስትረከቡም ስታስረክቡም ቤቱን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ጓደኛ አታስገቡ። የተሰበረ ብርጭቆ ቢኖር እንኳ ያኔውኑ ደውላችሁ ተናገሩ።

ክፉ ቀን ከመጣ ደግሞ አትሳደቡ፣ አትሽሹ። «ከፍዬ ልገላገል» ብላችሁ ያልወሰዳችሁትን እንዳትከፍሉ፤ ማመን ነው የሚመስለው። እርግጥ አደራ የበላ ሰው በ1996ቱ የወንጀል ሕግ በእምነት ማጉደል ይጠየቃል። ነገር ግን በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 መሠረት የተከሰሰ ሰው ሳይፈረድበት እንደ ጥፋተኛ አይቆጠርም። የተያዘ ሰው ደግሞ ያለመናገር መብት አለው፤ በ48 ሰዓት ውስጥም ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ይህ አንቀጽ 19 ነው።

በቀደም እትዬ እንደገና ቁልፍ ይዘው መጡ። «እሺ፣ ግን ሰው ይጥሩ» አልኳቸው። ፊታቸው ቅጭም አለ፤ ግን ጠሩ። ምስክር መጥራት አለመተማመን አይደለም፤ ጉርብትናን ማዳን ነው። ውሻውማ ገና ሲያየኝ ጭራውን ይቆላል። እሱ መቼም ጠርጥሮኝ አያውቅ!