ምን አለሽ?

«መርካቶ» የምንለው ስም እንኳ የኛ አይደለም። ጣልያንኛ ነው፤ ትርጉሙም ገበያ። ጣልያን አዲስ አበባን በያዘበት ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን ገበያ አስነስቶ አገሬውን ወደ ምዕራብ ገፋው፤ መሃል ከተማው ለነጭ እንዲሆን። የተራዎቹን ስም ግን ያወጣነው እኛው ነን፦ በርበሬ ተራ፣ ሸማ ተራ፣ ጎማ ተራ፣ ምናለሽ ተራ።

በቀደም ለሦስት ሆነን የከሰል ማንደጃ ፍለጋ ምናለሽ ተራ ወረድን። ሞል የለመድን ልጆች ነንና ቦርሳችንን ደረታችን ላይ ታቅፈን ገባን። በየሰፈራችን «ቁራሌው!» እያሉ የሚዞሩት ልጆች የሰበሰቡት እዚህ ይራገፋል። የዘይት ቆርቆሮው ምድጃ፣ አሮጌው ጎማ ጫማ ይሆናል። የመዶሻው ድምፅ አያነጋግርም። ማንደጃውን የሸጠልን ቀጥቃጭ ሳቅ ብሎ፣ «እህቶቼ፣ እናንተ የጣላችሁትን እኮ ነው መልሰን የምንሸጥላችሁ» አለን። ሦስታችንም መልስ አጣን።

ሸማ ተራ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት ሲቃጠል ስንቱ ነጋዴ ባዶ እጁን ቀረ! በተቃጠለውም በፈረሰውም ቦታ ሕንፃ ይተካል፤ ይተካም። ተራ ግን ሕንፃ ብቻ አይደለም፤ አንዱ ካጠገቡ ካለው ሙያ የሚቀስምበት ትምህርት ቤት ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ሴራሚክ ወለል ላይ፣ ማን ቆርቆሮ ያስቀጠቅጣል? አዲሱን መርካቶ የሚነድፉ ሰዎች ለመዶሻውም ቦታ ይተዉለት። አለዚያ ቁራሌው የሰበሰበውን ተሸክሞ ወዴት ይሄዳል?