ከይቅርታዋ በፊት እምቢታዋ

የቅድስት ጆሴፊና ባኪታ በዓል በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 8 በደረሰ ቁጥር ስብከቱ ይቅርታዋ ላይ ያርፋል። በልጅነቷ ከዳርፉር ተሰርቃ ከጌታ ወደ ጌታ ስትሸጥ የኖረች፣ ገላዋ በምላጭ የተተለተለ፣ ከድንጋጤ ብዛት ወላጆቿ ያወጡላትን ስም እንኳ የረሳች ሴት፣ የሰረቋትን ሰዎች ብታገኝ ተንበርክካ እጃቸውን እንደምትስም መናገሯ በእርግጥ ያስደንቃል። («ባኪታ»ን ያወጡላት ጠላፊዎቿ ናቸው፤ በዐረብኛ ዕድለኛ ማለት ነው።) ይቅርታውን ብቻ ነጥለን ስናነሣ ግን አንድ ትልቅ ነገር ይጠፋብናል፤ ባኪታ ከሁሉ አስቀድማ እምቢ ያለች ሴት ናት።

ነገሩ የሆነው ቬኒስ ውስጥ ነው። ካርቱም ላይ የገዛት የጣልያን ቆንስል አገሩ ሲገባ ለአንድ ቤተሰብ ሰጣት፤ የልጃቸው ሞግዚት ሆነች። እመቤቲቱ ወደ ሱዳን ልትወስዳት ስትመጣ፣ ባኪታ ትምህርተ ክርስቶስ ከምትማርበት ከካኖሳውያን እኅቶች ቤት አልወጣም አለች። ጉዳዩ ለሕግ ቀርቦ ኖቬምበር 29 ቀን 1889 ነጻ ሰው መሆኗ ተረጋገጠ፤ የጣልያን ሕግ ባርነትን አያውቅምና። የተጠመቀችው ከዚያ በኋላ፣ በጃንዋሪ 1890 ነው። የእመቤቲቱ ቤት እንደ ቀድሞዎቹ የተገረፈችባቸው ቤቶች አልነበረም፤ ሕፃኒቱንም ትወድዳት ነበር። ደግ እመቤት ብትሆንም ባለቤቴ አይደለችም ማለቷ ነበር።

ከ2015 ጀምሮ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የባኪታን በዓል ዕለት ስለ ሰው ንግድ የምትጸልይበት ያደረገችው በከንቱ አይደለም። ዐረብ አገር በሰው ቤት የሚሠሩ እኅቶቻችንን የሚመለከት በዓል ነው። በዚያ ከፋላ በሚባለው የዋስትና ሥርዓት የሠራተኛዋ የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር ይታሰራል፤ ፓስፖርቷም ብዙ ጊዜ ማዳሟ እጅ ይቀራል። በ2020 ቤይሩት ውስጥ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን ሠራተኞችን የአገራቸው ቆንስላ ደጃፍ ላይ ጥለዋቸው ሲሄዱ ዓለም አይቷል። «የሁለት ዓመት ኮንትራት ፈርማ፣ ወድዳ ነው የሄደች» የሚል ሰው አይጠፋም። መሄዱንስ ወድዳ ይሆናል፤ ግን መውጫው በሌላ ሰው እጅ ከሆነ፣ ስትገባ የተናገረችው እሺታ ሁለት ዓመት ሙሉ አያስራትም።

ከበድ ያለው ተቃውሞ ከራሳችን ቤት የሚነሣው ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኒኮላስ 5ኛ በ1452 ለፖርቱጋል ንጉሥ ሰዎችን በባርነት እንዲይዝ ፈቅደዋል፤ ጎርጎርዮስ 16ኛ የባሪያ ንግድን በግልጽ ያወገዙት በ1839 ነው። እንዲህ ያለ ታሪክ ያላት ቤተ ክርስቲያን ማንን ትገሥጻለች? መልሴ፣ ይህን ዕዳ ስለምናውቅ ዝም የማለት መብት የለንም የሚል ነው። ወንጌል ያለ ቅድመ ሁኔታ ይቅር በሉ ይላል የሚሉኝም እውነት አላቸው። ባኪታም ይቅር ብላለች፤ ወደ እመቤቷ ቤት ግን አልተመለሰችም። ስለዚህ በተዘጋ በር ውስጥ ላለች ልጅ «ቻይው» ብሎ መምከር በባኪታ ስም ሊደረግ አይገባም። ይቅርታዋ ቁስሉን አላጠፋውም። በ1947፣ ነጻ ከወጣች ከ57 ዓመት በኋላ፣ ስኪዮ በሚገኘው ገዳሟ በሞት አልጋ ላይ ሳለች፣ ሰንሰለቱ ከብዶኛል፣ አላሉልኝ እያለች አስታማሚዋን ትለምን ነበር።