ከጠረጠርክ ጣለው

ልጆች ሳለን ቀለሃ ለእኛ ፉጨት ነበር። አፉን ከታችኛው ከንፈርህ አስጠግተህ ትነፋለህ፣ ሰፈሩ ይረበሻል፣ በቃ። ቀለሃ እንደገና ተሞልቶ እንደሚተኮስ የነገረን አልነበረም። እኔ ይህን የተማርኩት ኮሎራዶ፣ ከአንድ ጡረተኛ መካኒክ ጎረቤቴ ጋራዥ ውስጥ ነው።

ሰውየው የድሮ ኤም ዋን ጠመንጃ አላቸው፤ ቃኘው ሻለቃ ኮሪያ ላይ የተዋጋበት ዓይነት። ዒላማ ተኩሰው ሲመለሱ ቀለሃውን ያጥባሉ፣ ቅርጹን ያስተካክላሉ፣ አዲስ ማቀጣጠያ፣ ባሩድና አረር ይጨምሩለታል። ከጥይቱ ዕቃ ውዱ ቀለሃው ነውና መጣሉ ያንገበግባል።

አንድ ቅዳሜ ጣሳ ሙሉ ቀለሃ ሰጥተው «የተበላሸውን ለይልኝ» አሉኝ። ቀላል መሰለኝ። አንገቱ የተሰነጠቀውን አወጣሁ (ነሐስ በተተኮሰና ቅርጹ በተስተካከለ ቁጥር እየደረቀ ይሄዳል)። ማቀጣጠያው ዙሪያ ጥላሸት ያለበትንም ወዲያ አልኩ፤ ጋዝ አምልጦበታል ማለት ነው። የቀሩት ያብረቀርቃሉ። ኮራሁ!

ሰውየው ከእኔ «ደህና» ክምር አንዱን አነሱ። ከወረቀት አግራፍ የሠሯትን ጫፏ የታጠፈ ሽቦ ወደ ውስጥ ከተው ግድግዳውን ከታች ወደ ላይ ጎተቱ። «አንተም ሞክር» አሉኝ። ሽቦዋ ከመቀመጫው ትንሽ ከፍ ብላ ቀጭ አለችና ተያዘች። ውስጡ ቦይ ሠርቷል! ከውጭ ባትሪ ሲያበሩበት እዚያው ላይ ነጣ ያለ ስስ ቀለበት ይታያል። ቀለሃ በተተኮሰ ቁጥር ይለጠጣል፤ የሚሳሳው እዚያ ጋ ነው። አንድ ቀን ለሁለት ይበጠሳል።

«ቢበጠስስ?» አልኩ።

የዚህ ጥይት ግፊት በካሬ ኢንች እስከ 60,000 ፓውንድ ይደርሳል። የመኪናችሁ ጎማ 32 ገደማ ነው። ያ ጋዝ ቀዳዳ ካገኘ ወደ ኋላም ይመጣል፤ ከኋላ ያለው ደግሞ የተኳሹ ፊት ነው። ሰውየው አልመለሱልኝም። የዓይን መከላከያ መነጽራቸውን ብቻ ነካ ነካ አደረጉ።

ከዚያ ቀለሃውን በፒንሳ ጨፍልቀው ጣሉት።

«መጨፍለቁ ለምንድነው?»

«ነገ ልቤ እንዳይራራለት።»

አንዱ ከታየበት አብረውት የተተኮሱትም ይጠረጠራሉ። ሽቦዋን ተቀብዬ ክምሬን አንድ በአንድ እንደገና ፈተሽኩ። አራት ተጨማሪ አገኘሁ። አራቱም ያብረቀርቁ ነበር።