ከቦዬው ጎን የበቀለው

ሚያዝያ 9 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ አርባ ምንጭ

ዝናቡ ሌሊቱን ሲወርድ አድሮ ንጋት ላይ አባራ። ከሰፈራችን ከሴቻ ቁልቁል ጫሞ ሐይቅ ከጉሙ ሲወጣ ለማየት ጓሮ ወጣሁ፤ ዐይኔ ግን ሐይቁ ጋ ሳይደርስ አጥሩ ላይ ቀረ። ከእትዬ አስቴር ግቢ በሚለየን አጥር ላይ አንድ ሐረግ ተንጠላጥሎ አብቧል። ስድስቱ የአበባ ቅጠሎች ነፋስ እንደገለበጠው ጃንጥላ ወደ ላይ ተቀልብሰዋል፤ ጠርዛቸው የተጨማደደ፣ ሥራቸው ቢጫ፣ ጫፋቸው ደም የመሰለ ቀይ ነው። የአበባ ዱቄት የተሸከሙ ስድስት ቀጫጭን ዘንጎች ዙሪያውን ተዘርግተዋል። ይበልጥ የገረመኝ አወጣጡ ነው። ግንዱ እንደ ሌላው ሐረግ አይጠመጠምም፤ የእያንዳንዱ ቅጠል ጫፍ ቀጥኖ እንደ መንጠቆ ይታጠፍና ያገኘውን ጭራሮ ይይዛል።

ሚያዝያ 12

ፎቶውን የዕፅዋት ትምህርት ለሚያስተምር አንድ ወዳጄ ላክሁለት። መልሱ ወዲያው መጣ፦ «ግሎሪዮሳ ሱፐርባ ይባላል። ሥሩን ማንም እንዳይበላ!» ማታ ደወለልኝና በሰፊው አጫወተኝ። በሞቃታማው የአፍሪካና የእስያ ምድር፣ በእኛም አገር በዱር የሚበቅል ነው። ዚምባብዌ ብሔራዊ አበባዋ አድርጋዋለች፤ የሕንዷ ታሚል ናዱም የክልሏ አበባ ብላዋለች። እዚያ ገበሬዎች በማሳ ያለሙታል፤ ፍሬውን ለመድኃኒት ፋብሪካዎች ይሸጣሉ። ከአበባ እስከ ሥር መላ አካሉ መርዝ ነው፤ በተለይ ሥሩና ፍሬው። የመርዙ ስም ኮልቺሲን ነው አለኝ።

ያንን ስም የሆነ ቦታ አይቼዋለሁ።

ሚያዝያ 13

ያየሁት እናቴ ራስጌ ነው። እማዬ ሪህ አለባት፤ የእግሯ አውራ ጣት ሲያብጥ አንሶላ ሲነካው እንኳ ትጮኻለች። ሐኪም ያዘዘላት ኪኒን ኮልቺሲን ነው፣ አንዷ ፍሬ ግማሽ ሚሊግራም። ፈረንሳውያኑ ኬሚስቶች ፔልቲዬና ካቫንቱ እ.ኤ.አ. በ1820 ኮልቺሲንን መጀመሪያ ያወጡት የአጥራችን አበባ ዘመድ ከሆነ ሌላ ተክል ነው።

ዛሬ ሙሉ ቀን ስለዚህ አነበብኩ። ኮልቺሲን ሕዋስ ለሁለት እንዳይከፈል ያግዳል። ስለዚህ ሲበዛ መጀመሪያ የሚጎዱት ቶሎ ቶሎ የሚታደሱት የሰውነት ክፍሎች ናቸው። የበላው ሰው ጥቂት ሰዓት ይቆይና ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል። ከዚያ የአጥንት መቅኒው ደም ማምረት ያቅተዋል፤ ኩላሊቱ፣ ጉበቱ፣ ልቡ ይዳከማል። የተረፈ ሰው ከሳምንት ከሁለት ሳምንት በኋላ ፀጉሩ ይረግፋል። ሆስፒታሎች በእጃቸው የሚይዙት ማርከሻ የለም። እማዬን ቀስቅሼ ስንት እንደዋጠች ጠየቅኋት። «ያዘዘልኝን ነው ልጄ፣ ምን ሆንሽ?» አለችኝ። ኪኒኑን ከልጆች እጅ እንዲርቅ ወደ ላይኛው መደርደሪያ አወጣሁት።

ሚያዝያ 19

እንቅልፍ የነሳኝ አበባው አይደለም፣ ሥሩ የሚበላው የእትዬ አስቴር ቦዬ ነው። እሳቸው ቦዬውን የተከሉት እዚያው አጥር ሥር ነው። ሁለቱም ሐረግ ናቸው፣ ሁለቱም ከመሬት በታች ሥር ያበጃሉ። በስሪላንካ የዚህን አበባ ሥር የሚበላ ሥር መስሏቸው ቀቅለው የበሉ ሰዎች ሞተዋል፤ መቀቀል መርዙን አያጠፋውም።

ዛሬ ሄጄ ነገርኳቸው። የጾም ምሳ እያቀረቡ በጥሞና ሰሙኝና «ታዲያ አበባውን ቆርጠን እንጣለው» አሉ። እኔም መጀመሪያ ያሰብኩት ይህንኑ ነበር። ግን አበባው ቢቆረጥ ሥሩ ይቀራል። ዝናብ ሲያበቃ ሐረጉ በራሱ ጊዜ ይደርቅና ከምድር ላይ ምልክቱ ይጠፋል፤ ሥሩ አፈር ውስጥ ተኝቶ የሚቀጥለውን ዝናብ ይጠብቃል። አደጋው ያን ጊዜ ነው፦ አንድ ልጅ ቦዬ አውጣ ተብሎ ዶማ ይዞ ሲመጣ የሚያስጠነቅቀው ቀይ ነገር አይኖርም። ዛሬ ግን አበባው ራሱ የት እንዳለ እየነገረን ነው። ይህን ስላቸው እትዬ አስቴር ቆም አሉና «እንግዲያው ሳይደርቅ እናውጣው። ከፋሲካ በኋላ» አሉ።

ግንቦት 3

አወጣነው። ሁለታችንም የፕላስቲክ ጓንት አድርገን፣ ልጆቹን በር ላይ አቁመን። ከእያንዳንዱ ግንድ ሥር እንደ ባላ ለሁለት የተከፈለ፣ ጣት ጣት የሚያህል ነጣ ያለ ሥር ወጣ። እትዬ አስቴር አንዱን አንስተው አገላብጠው አዩት፤ «እኔ እኮ ቀቅዬ አቀርበው ነበር» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ልጆቹን ጠርተው አበባውንና ሥሩን ጎን ለጎን አሳዩአቸው፤ ስሙንም እያስደገሙ አስጠኗቸው።

አምስት ሥር ቆጠርን። አራቱን ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረን ቀበርን። አንዱን ወዳጄ ለማስተማሪያ ጠይቆኝ ስለነበር በቆርቆሮ ጣሳ አኑሬ ላዩ ላይ «መርዝ» ብዬ በቀይ ጻፍኩበት።

ሥራው አልቋል ብዬ እጄን ስታጠብ እትዬ አስቴር አሁንም አጥሩ ሥር ናቸው። ስድስተኛ እንዳይቀር አፈሩን በመኮትኮቻ ስንዝር በስንዝር ያገላብጣሉ። ፀሐይ ጠልቃ ጫሞ እስኪጠቁር ድረስ አልተነሱም።